ሳሎኑ የተቀባ፣ ጓዳው ባዶ ስልክ

እንደምን ናችሁ! ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ቡናዬና እኔ ብቻ ነን። ስለ እማዬ ስልክ ላወራችሁ ነው።

እማዬ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። እስከ አምና ድረስ ባለ ቁልፍ ስልክ ነበር የያዘችው። እኔ ነኝ "ታች ስልክ ካልያዝሽ" ብዬ ጀርባው ላይ ሦስት ካሜራ የተደረደረበት ርካሽ ስልክ የገዛሁላት። ርካሽ ስል እንግዲህ ታውቃላችሁ፤ ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ለውጥ መጥቶ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ሲያልፍ፣ ስልኩም አብሮት ነው የሮጠው።

ስድስት ወር ሳይሞላው መንቀርፈፍ ጀመረ። ቴሌብር ልትከፍት ስትነካው ቆሞ ያስባል። "ልጄ፣ ይሄም እንደኔ አረጀ እንዴ?" አለችኝ። መገናኛ አንድ ስልክ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ልጁ ጀርባውን ከፍቶ ሳቀ። "ወንድሜ፣ እቺ ካሜራ እኮ ለጌጥ ናት።" ባለ 2 ሜጋፒክስል! ራሙም፣ ስልኩ የከፈትነውን ሥራ ይዞ የሚያንቀሳቅስበት ማህደረ ትውስታ ማለት ነው፣ 2 ጊጋ ብቻ። ጎግል ለአነስተኛ ስልኮች ብሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ያስተዋወቀው ቀለል ያለ የስልክ ሶፍትዌር፣ አንድሮይድ ጎ፣ እንኳን ያኔ 1 ጊጋ ይበቃው ነበር፣ በ2022 ከወጣው አንድሮይድ 13 ጋር ዝቅተኛው 2 ሆነ። ማለትም የእማዬን ስልክ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ነው ወለል ላይ ያስቀመጡት።

የሚያናድደኝ ስልክ ሠሪዎቹ ዋጋ ለማርከስ ነገር መቀነሳቸው አይደለም። የሚቀንሱት ከጓዳ መሆኑ ነው፤ ሳሎኑን ቀለም ይቀቡታል። እኔ ብሆን ሁለቱን ካሜራ አወጣለሁ፣ የጣት አሻራውን አወጣለሁ፣ መስታወት የሚመስለውን ጀርባ አወጣለሁ። ገንዘቡን ራሙ ላይ አደርገዋለሁ።

ኖኪያ 1100 ትዝ ይላችኋል? እ.ኤ.አ. በ2003 ነው የወጣችው። ካሜራ የላት፣ የስክሪን ቀለም የላት፣ ግን ባትሪ ነበራት፤ የምታበራዋን ማለቴ ነው። ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጠች። እዚያ የቀነሰው ሰው ማታ ሽንት ቤት በጨለማ የሚወጣ ሰው አይቶ ያውቃል።

የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውንም አትንኩብኝ። ኤፍኤም ሬዲዮ የማዳመጫውን ገመድ ነው አንቴና የሚያደርገው፤ ቀዳዳው ሲሄድ የእማዬ ሬዲዮ አብሮ ሄደ ማለት ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ቀዳዳውን፣ በ2020 ደግሞ ቻርጀሩን ከካርቶኑ አወጣ። ዋጋው ግን ወረደ እንዴ?

የአክስቴ ልጅ በዚህ አትስማማም። ቴሌግራም ላይ ልብስ ትሸጣለች፤ "ካሜራ ከሌለ እንጀራዬ የለም" ትላለች። እውነቷን ነው። እሷም ብትሆን ግን የምትፈልገው አንድ ደህና ካሜራ ነው እንጂ ሦስት ቀዳዳ አይደለም።

እማዬ ወደ ቁልፍ ስልኳ ተመልሳለች። ቴሌብሩንም በኮከብ 127 መሰላል ትጨርሰዋለች። ባለ ሦስት ካሜራው ቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጧል። እንግዳ ሲመጣ ብቻ አንስታ ትይዘዋለች።