በዚህ ክረምት የሚጠብቃችሁ ሰው ይኑር

(በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዓመቱ መዝጊያ ላይ ለተማሪዎችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

ካርዳችሁን ለመቀበል እንደቸኮላችሁ አውቃለሁ። አላስረዝምም።

ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን ሲደመሩ 65 ቀን ይሆናሉ። ይህን ያህል ነፃ ጊዜ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚገኘው። ክረምቱን ራሳችሁ ምረጡት። ካልመረጣችሁት ሌላ ይመርጥላችኋል። ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ስልካችሁ ነው። ዝናቡ ከቤት ያስቀምጣችኋል፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆናችሁ ቲክቶክ ትከፍታላችሁ። ሆያ ሆዬ ተብሎ ሳያልቅ እንቁጣጣሽ ይደርሳል።

ሌላው የሚመርጥላችሁ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥር 2015 ዓ.ም. ይህ ውጤት ሲሰማ ያልደነገጠ ወላጅ የለም። ዛሬም ክረምት ሲመጣ ብዙዎች ያላቸውን አሟጠው ልጃቸውን ማጠናከሪያ ያስገባሉ። እኔ ግን እላለሁ፦ ማጠናከሪያ የሚጠቅመው የጎደለውን ሲሞላ ነው። ክፍልፋይ ገና ያልገባው ልጅ የመጪውን ዓመት ሂሳብ በሐምሌ ቢጀምር፣ መስከረም ላይ ያንኑ ትምህርት ለሁለተኛ ጊዜ ሳይገባው ይሰማዋል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የዓመቱን የፈተና ወረቀቶቻችሁን አውጥታችሁ እዩ። የት የት ነው የተሳሳታችሁት? እሱን ብቻ ያዙ። ለዚያ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ይበቃል።

እረፍትም ያስፈልጋችኋል። ተኙ፣ ኳስ ተጫወቱ፣ ዘመድ ጠይቁ። የቀረውን ጊዜስ? ብዙዎቻችሁ ዕቅድ ታወጣላችሁ። እንግሊዝኛዬን አሻሽላለሁ፣ ኮዲንግ እማራለሁ፣ ስፖርት እሠራለሁ። ሐምሌ ሳይጋመስ ዕቅዱ ይቀራል። ሰነፎች ስለሆናችሁ አይመስለኝም። ብትቀሩ «የት ሄድክ? ምነው ጠፋሽ?» የሚል ስለሌለ ነው። እዚህ በየጠዋቱ ስማችሁ ይጠራል፤ በክረምት የሚጠራው የለም። ስለዚህ ሌላ ሰው እናንተን የሚጠብቅበትን ሥራ ምረጡ።

ሰፈራችሁ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ ያቃተው ልጅ አይጠፋም። እናቱን አስፈቅዳችሁ በሳምንት ሦስት ቀን አስነብቡት። በሁለተኛው ሳምንት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ያን ልጅ ትታችሁ መቅረት አትችሉም። ለእሱ ስታስረዱ ደግሞ ራሳችሁ ምን ያህል እንደምታውቁ ይገባችኋል። ኮዲንግ የምትፈልጉ፣ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ነው፤ ግን ብቻችሁን አትጀምሩት። ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ ቀንና ሰዓት ቆርጣችሁ፣ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተገናኙ። ጋራዥ ወይም እንጨት ሥራ ቤት ያለው ዘመድ ካላችሁ ዛሬውኑ ሂዱና «ጋሼ፣ ክረምቱን እየተላላክኩ ሥራ ልልመድ» በሉት። ችግኝ መትከልም መልካም ነው። ሐምሌ ላይ ሁሉም ይተክላል፤ ነሐሴ ላይ ተመልሶ አረሙን የሚነቅል ግን ጥቂት ነው። እናንተ ከጥቂቶቹ ሁኑ።

አያቶቻችሁንም አትርሱ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተልከው ነበር። ያኔ መዝመት ግዴታ ነበር። ከዘመቱት መካከል ዛሬ በየቤታችሁ ያሉ ይኖራሉ። ምን እንዳዩ፣ መልካሙንም ክፉውንም ጠይቋቸው። ደብተር ይዛችሁ በየሳምንቱ አንድ ከሰዓት ጻፉ። እመኑኝ፣ ከእናንተ በላይ ቀኑን የሚናፍቁት እነሱ ይሆናሉ።

አሁን ወደ ወላጆች ልመለስ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ተማሪዎቼን ክረምቱን እንዴት አሳለፋችሁት ብዬ እጠይቃለሁ። ወንዶቹ ብዙ ያወራሉ። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ጠጋ ብዬ ስጠይቃቸው እንጀራ ሲጋግሩ፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ ሕፃን ሲይዙ፣ ለበዓል ቤት ሲያጸዱ ነው የከረሙት። ይህ ክብር ያለው ሥራ ነው። ግን ለምን የእሷ ብቻ ይሆናል? እናቶች፣ አባቶች፣ እለምናችኋለሁ። ወንድሟም ልብሱን ይጠብ፣ ወጥ መሥራት ይማር። ለልጃችሁ በቀን ሦስት ሰዓት ስጧት። በዚያ ሰዓት «ነይ እስቲ» ብሎ የሚጠራት አይኑር። ስልክና ዳታ ለወንዱ ከተገዛ ለእሷም ይድረሳት። ይህ ካልሆነ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለሴት ልጆቻችን ባዶ ወሬ ነው።

ክረምቱን የምትሠሩም አላችሁ። የደብተርና የዩኒፎርም ገንዘብ ለማግኘት ዝናብ ላይ በቆሎ እየጠበሳችሁ የምትሸጡ አላችሁ። ምርጫ የለንም ትሉ ይሆናል። በየማታው ስንት እንደገዛችሁ፣ ስንት እንደሸጣችሁ፣ ስንት እንደተረፈ ጻፉ። ነሐሴ ላይ የትኛው ቀን፣ የትኛው ቦታ እንደሚያዋጣ ከደብተሩ ታነቡታላችሁ። ባልደረቦቼ፣ መስከረም ላይ እነዚህ ልጆች ደክመው ሲመጡ እንወቅላቸው።

በመጨረሻ አንድ ማስታወቂያ አለኝ። ከሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ የትምህርት ቤታችን ላይብረሪ ክፍት ነው። ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ። መመዝገቢያው ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ስትወጡ ስማችሁን ጻፉ። እኔ በእነዚያ ቀናት እዚያው ነኝ።

አመሰግናለሁ።