ኪሎሜትሩ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። «ከዚህ እዚያ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የምትለዋን ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ርቀቱን ከሆነ መልሱ አንድ ቁጥር ነው። ሰዓቱ ግን መሄጃና መመለሻው ለየብቻ መጠየቅ አለበት።

ከርቀቱ ልጀምር። የሁለቱን ኤርፖርቶች ኬክሮስና ኬንትሮስ ትይዛላችሁ፣ የምድርን ራዲየስ 6,371 ኪሎሜትር ብላችሁ በሉል ቀመር ታሰላላችሁ። ምድር ወገቧ ሰፋ ስለሚል መልሱ እስከ ግማሽ በመቶ ቢዛነፍ ነው፤ ለመንገደኛ ምንም አይደል። የሚያሳስተው ሌላ ነው። 40 ዲግሪ ከ38 ደቂቃን 40.38 ብሎ የሚያስገባ ሞልቷል። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 38ን ለ60 አካፍሉት፤ 40.63 ነው። በዚህች ብቻ 28 ኪሎሜትር ይሳታል። በምዕራብ ኬንትሮስ ላይ የመቀነስ ምልክቱን የረሳ ደግሞ የኒውዮርክን ኤርፖርት አንስቶ ኪርጊስታን ያወርደዋል!

ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካትማ አይሞከር። ሁለቱም 60 ዲግሪ ሰሜን ላይ ሆነው ምድር ማዶና ማዶ ያሉ ቦታዎችን አስቡ። ኬክሮሱን ይዞ ለሚሄድ 10,000 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ በዋልታው ለሚያቋርጥ 6,670።

ወደ ሰዓቱ ስንመጣ፣ ጄት በሰዓት 900 ኪሎሜትር ገደማ ይበራል እንላለን። ይህ ግን በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ነው፤ አየሩ ራሱ ይጓዛል። ንፋስ ሲሄዱ የሰጠውን ሲመለሱ ይወስዳል፣ ስለዚህ ይጣፋል የሚል ካለ ይቺን ያስላ። 3,600 ኪሎሜትር ያለ ንፋስ ደርሶ መልስ 8 ሰዓት ነው። በሰዓት 100 ኪሎሜትር ንፋስ ጨምሩበት፤ ከኋላ ሲገፋ 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ከፊት ሲገታ 4 ሰዓት ከ30። ድምሩ 8 ሰዓት ከ6 ደቂቃ። ንፋሱ በሚገታን አቅጣጫ ረዘም ላለ ጊዜ ስለምንቆይ አይካካስም።

ከኒውዮርክ ጄኤፍኬ ለንደን ሂትሮው 5,540 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ጄት ስትሪም የሚባለው የከፍታ ንፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ወደ ለንደን 7 ሰዓት ግድም፣ ሲመለሱ 8 ግድም ይያዛል። በየካቲት 2020 እንደ ፈረንጆቹ አንድ መንገደኛ አውሮፕላን ወደ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል። አገር ሰማዩን ለበረራ ሲዘጋም ሰዓቱ ይለወጣል፤ ከ2022 ወዲህ በሩሲያ ላይ ማለፍ የቀረበት የሄልሲንኪ ቶኪዮ በረራ ከ9 ሰዓት ተኩል ግድም ወደ 13 ተለጥጧል።

ለግምት እኔ ኪሎሜትሩን ለ850 አካፍዬ ግማሽ ሰዓት እደምራለሁ። ትኬት ላይ የሚጻፈው አውሮፕላኑ ከቆመበት በር ተነስቶ ሌላው በር እስኪቆም ነው፤ መሬት ላይ የሚሽከረከርበትም ተቆጥሯል።

ትኬቱን ስታነቡ ሁለቱንም ሰዓቶች መጀመሪያ ዩቲሲ ወደሚባለው የዓለም የጋራ ሰዓት መልሱ። በክረምታቸው ኒውዮርክ 22:00 ተነስቶ ለንደን 10:00 የሚደርስ 12 ሰዓት አልበረረም፤ በዩቲሲ መነሻው 03:00፣ መድረሻው ያው 10:00 ነው፣ ስለዚህ 7 ሰዓት። በተለይ መጋቢት ላይ ተጠንቀቁ። አሜሪካ ለበጋቸው ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት የምታዞረው ከአውሮፓ ቀድማ ስለሆነ፣ የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ለጥቂት ሳምንታት 5 ሳይሆን 4 ሰዓት ነው።