ጢማሙ እንሽላሊት አልበላም ሲል

እሷ፦ ዛሬ ወሬያችን ስለ ጢማሙ እንሽላሊት ነው፤ ብዙው ሰው ቢርድድ ድራገን የሚለው። ክረምት በገባ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል፦ «ትናንት ጎመኑን ጥርግ አድርጎ የበላው፣ ዛሬ ዞር ብሎም አላየው።»

እሱ፦ ነሐሴ ላይ ከሆነ ፍልሰታን ይዞ ይሆናላ! ቀልዱ ይቆየንና፣ መጀመሪያ የሚታየው ሙቀቱ ነው። የአውስትራሊያ ደረቅ ምድር እንስሳ ነው፤ ከውጭ ሙቀት ካላገኘ የዋጠው አይፈጭለትም። ፒያሳ ደግሞ ሐምሌ ላይ እኩለ ቀን እንኳ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው።

እሷ፦ ቁጥሩን እንስጣቸው።

እሱ፦ በሚኖርበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ አምፖሉ ሥር የሚሞቅበት ድንጋይ ላዩ ከ38 እስከ 42፣ የሣጥኑ ቀዝቃዛ ጫፍ ከ24 እስከ 28። ሌሊት ወደ 18 ቢወርድ ጤነኛ የሆነ ትልቅ ይችለዋል። በእጅ ዳሰሳ አይሆንም፤ ባለ ሽቦ ዲጂታል ቴርሞሜትር ጫፉን ድንጋዩ ላይ አድርጎ፣ አምፖሉ ከበራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ማንበብ ነው።

እሷ፦ በኮሮና ጊዜ የተገዛው የግንባር መለኪያስ?

እሱ፦ ለሰው ገላ የተሠራ ነው፤ ከ32 በታች አብዛኛው አያነብም። ቀዝቃዛውን ጫፍ በምን ትለኪዋለሽ? አምፖሉም ላይ ስህተት አለ፦ ኤልኢዲ ያበራል እንጂ አያሞቅም፤ ሃሎጅን ነው የሚፈለገው።

እሷ፦ መብራት ሲጠፋስ? የኛ አገር ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

እሱ፦ ያኔ አለመመገብ። ነፍሳት ዋጥ አድርጎ ወዲያው ከቀዘቀዘ፣ ምግቡ ሆዱ ውስጥ ይበላሻል። ጠዋት አምፖሉ በርቶ አንድ ሁለት ሰዓት ይሙቅ፣ ከዚያ ይብላ፤ የመጨረሻው ምግብ አምፖሉ ከመጥፋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ይለቅ። ለረጅም ጊዜ ከጠፋ ሙቅ ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ አጠገቡ ማስቀመጥ።

እሷ፦ «የክረምት እንቅልፍ ይዞት ነው» የሚሉም አሉ።

እሱ፦ አለ፣ ግን ዓመት ያለፈው ትልቅ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ እዚህ እንቅልፍ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ብርድ ነው። ገና ያላደገ ከሆነማ ሁለት ሦስት ቀን አለመብላቱ ለሐኪም በቂ ምክንያት ነው።

እሷ፦ ሙቀቱ ልክ ሆኖ ካልበላስ? እኔ ወደ ዩቪቢው ነው የምሄደው፤ ከፀሐይ የሚገኘው በዓይን የማይታይ ጨረር ነው፣ ቤት ውስጥ በልዩ ቱቦ መብራት የሚሰጠው። ቱቦው እየበራ ጨረሩ ሊያልቅ ይችላል፤ በዓመት ይቀየር። በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ አይተካውም፣ መስታወቱ ዩቪቢውን ያስቀረዋል። ክረምት ላይ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ጥላ ባለው የሽቦ ቤት ውስጥ 20 ደቂቃ ማውጣት ጥሩ ነው። በመስታወት ሣጥኑ ግን በፍጹም፤ ይበስላል።

እሱ፦ ምግቡንም እንይ። የሀበሻ ጎመን በየቀኑ ቢቀርብ ምንም አይልም። ቆስጣ ካልሲየሙን ስለሚይዝበት አልፎ አልፎ ብቻ። ሰላጣ ውኃ ነው። አቮካዶ መርዝ ነው። ነፍሳቱ በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ፤ ሲበልጥ አንጀቱን ይዘጋል።

እሷ፦ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የተያዘ በረሮም አይሆንም፤ ማን ምን እንደነፋበት አይታወቅም።

እሱ፦ ቆዳ ሲቀይር ለጥቂት ቀናት መቀነሱ ያለ ነው። ሴቷ ደግሞ ወንድ ሳታይም እንቁላል ትይዛለች፤ ሆዷ አብጦ መሬት የምትቧጥጥ ከሆነ፣ 25 ሳንቲሜትር ያህል ጥልቀት ያለው እርጥብ አሸዋ ስጧት።

እሷ፦ መቼ ነው ቤት ውስጥ መሞከር የሚያበቃው?

እሱ፦ በኩሽና ሚዛን በሳምንት አንዴ መመዘን ነው፣ ጠዋት ሳይበላ። 400 ግራም የነበረው 360 ከደረሰ አትጠብቁ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ጢሙ ጠቁሮ ከቀረ፣ የኋላ እግሩ ከተጎተተ፣ ወይም አፉን ከፍቶ የሚተነፍስና ልጋግ ያለበት ከሆነ በዚያው ቀን። በግድ ማጉረስ ደግሞ ተዉት፤ የቀዘቀዘ ሆድ ላይ ምግብ መጨመር ነው። ሆዱ ደርቆበት ከሆነ 30 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውኃ፣ እስከ ትከሻው ብቻ፣ 15 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ዓይናችሁን አትንቀሉ።

እሷ፦ ሐኪሞቻችን በብዛት የሚያዩት ውሻና ከብት ስለሆነ፣ ባዶ እጅ አትሂዱ። የሳምንቱን ክብደት፣ የሁለቱን ጫፍ ሙቀት፣ መጨረሻ የተጸዳዳበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙ። ሰገራውን በንጹሕ ክዳናም ዕቃ፣ በዚያው ቀን አድርሱ፣ ቢዘገይ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፤ ኮክሲዲያ የሚባሉት ጥቃቅን የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያንና ወስፋት በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። አሸዋ የተቀላቀለበትን አትውሰዱ። የሚጸዳዳበትን ቦታ ቀድሞ ወረቀት ማንጠፍ ይቀላል።