ትኬቱን የቆረጥነው እኛ ነን

(በጉዞ ወኪሎች፣ በአስጎብኚዎች፣ በሆቴል ባለቤቶችና በኤቨንት አዘጋጆች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡር ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የቱሪዝም ዘርፉ ሕገወጥ የሰዎች ዝውውርን በመከላከል ረገድ ያለው ሚና» ይላል። እሱን አንብቤ ሳልጨርስ ሰዓቴ ሊያልቅ ነው። ስለዚህ ሚናውን ትቼ ስለ ትኬት ላውራ። የብዙዎቻችን እንጀራ እሱ ነው።

2006 ዓ.ም.ን አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሳዑዲ ዓረቢያ ወገኖቻችንን ስታስወጣ ቦሌ ቀንና ሌሊት አልተለየውም። በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። በነጠላ ጫማና በአንድ ፌስታል የወረደ ነበር። አዘንን። ብርድ ልብስም አዋጣን። ያ ሁሉ ሰው ሲሄድ በምን እንደሄደ ግን በስብሰባችን ላይ አንስተን አናውቅም። እርግጥ ነው፣ በጅቡቲው ኦቦክና በሶማሊያው ቦሳሶ በኩል ባሕር ያቋረጠው ብዙ ነው። በቦሌ የወጣውም ግን ጥቂት አይደለም። በቦሌ የወጣ ሰው ትኬት አለው። ትኬቱን ደግሞ የቆረጠለት ሰው አለ።

ያ ድሮ ነው የሚል ካለ ቅርቡን ላንሳ። በየካቲት 2017 በምያንማር ያለ ታጣቂ ቡድን ከማጭበርበሪያ ካምፖች የወጡ 260 የውጭ ዜጎችን ለታይላንድ አስረከበ። ከእነሱ ውስጥ ከግማሽ በላዩ የእኛ ልጆች ነበሩ። የኮምፒውተር ሥራ፣ ጥሩ ደሞዝ፣ ባንኮክ ተብለው የሄዱ ናቸው። የጠበቃቸው መኪና ሜ ሶት የምትባል የድንበር ከተማ አደረሳቸው። ከዚያ ወንዝ ተሻገሩና ምያዋዲ ገቡ። ፓስፖርታቸውን ተቀሙ። በኢንተርኔት ሰው እንዲያጭበረብሩ ተገደዱ። እምቢ ያለ ተገረፈ፣ በኤሌክትሪክ ተጠበሰ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እነዚህ ልጆች በረሃ አላቋረጡም። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ውስጥ ሞተው እንደተገኙት 64 ወንድሞቻችን ኮንቴይነር ውስጥ አልታጨቁም። አውሮፕላን ላይ የወንበር ቁጥር ነበራቸው። «ዶሮ ወይስ ሥጋ» ተብለው ተጠይቀዋል።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሃያ ሁለት ያለው ቢሮዬ አንድ ጎልማሳ ገባ። አለባበሱ ያማረ፣ ሰላምታው የሞቀ ነው። አምስት ፓስፖርት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። «የቡድን ጉብኝት ነው። ባንኮክ፣ ደርሶ መልስ፣ አስር ቀን። ሆቴልም ያዙልን» አለ። ተጓዦቹ ሶፋው ላይ ተደርድረዋል። ሦስት ሴት፣ ሁለት ወንድ። ሁሉም ልጆች ናቸው።

ጎብኚ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እናውቃለን። ይጠይቃል። ብርድ ነው ሙቀት? ሻንጣ ስንት ኪሎ? የጾም ምግብ ይገኛል? አንዳንዱማ ያለ ልክ ያደርቀናል። እነዚህ ግን ትንፍሽ አላሉም። ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ ስም ስትጠራ የሚመልሰው ሰውዬው ነው። ስልክ ስትጠይቅ ለአምስቱም የሰጣት የራሱን ነው። ክፍያው በካሽ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «የመልሱን በኋላ ካንስል ብናደርገው ስንት ይቆረጥብናል?» አላት።

አስር ቀን ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው ሳይነሳ የመመለሻውን ገንዘብ የሚያሰላው ለምንድን ነው?

ሠራተኛዬ ብልህ ናት። ወደ ትንሿ ልጅ ዞር ብላ፣ «እህቴ፣ ባንኮክ ምን ልታዪ ነው?» አለቻት። ልጅቷ መጀመሪያ ሰውዬውን አየች። ከዚያ «ሥራ ነው፤ ኮምፒውተር» አለች። ሰውዬው ሳቀ። «ትቀልዳለች እኮ!» ሠራተኛዬ አልሳቀችም። ለሥራ ከሆነ በቱሪስት ቪዛ አንቆርጥም፣ መንገዱ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ነው አለችው። እሱ አልተቆጣም። ፓስፖርቶቹን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። «ችግር የለም፤ ቢሮ ሞልቷል» ብሎ ወጣ።

ቢሮ ሞልቷል! እውነቱን ነው። ደረጃውን ወጥቶ እዚያው ሕንፃ ላይ ሌላ ቢሮ ገባ። ከሰዓት በኋላ ባለቢሮው ሻይ ቤት አግኝቶኝ፣ «ዛሬ ገበያ ጥሩ ነው፣ አምስት ባንኮክ ቆረጥኩ» አለኝ። የሆነውን ነገርኩት። «እኔ ፖሊስ ነኝ እንዴ? ትኬት ሻጭ ነኝ» አለኝ። ስሙን አልጠራም። ልጆቹ የት እንደደረሱም አላውቅም።

ወገኖቼ፣ ፖሊስ ሁኑ ያለ የለም። ግን እንተዛዘብ። የተሳፋሪ ስም ላይ አንድ ፊደል ብትሳሳት ዴቢት ሜሞ፣ ማለትም የአየር መንገዱ የዕዳ ደብዳቤ፣ እንዳይመጣብን በሌሊት ደውለን እናስተካክላለን። ለአንድ ፊደል እንቅልፍ እናጣለን! አምስት ሰው አፉን ተለጉሞ ሶፋችን ላይ ሲቀመጥ ግን ዓይናችን አያይም። ደላላው ኤምባሲ ሄዶ ትኬት አያትምም። የሆቴል ቡኪንግ ከቤቱ አያመጣም። የሚያስይዘው እኛ ጋ ነው። ኮሚሽኑን የምንበላው እኛ ነን። ሕገወጥ የሰዎች ዝውውርን የሚከለክለው አዋጅ 1178/2012 እያለ ደላላን አውቆ መርዳት ወንጀል መሆኑን አላውቅም ነበር ማለት አያዋጣም። አሁን ያጨበጨባችሁ፣ ነገ ካውንተራችሁ ላይ እንገናኝ።

ሥልጠና አልተሰጠንም የሚል አለ። ተሰጥቷል፣ ለማን ነው እንጂ ጥያቄው። ባነር ይሰቀላል፣ ቦርሳና እስክሪብቶ ይታደላል፣ አበል ይፈረማል። የሚጠራው ሥራ አስኪያጁ ነው። ፓስፖርቱን በእጇ የምትይዘው ልጅ ሻይ እረፍቱን እንኳ አላየችም። የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር የሆነው አያታ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲድኒ ላይ የሰዎችን ዝውውር የሚያወግዝ ውሳኔ ካሳለፈ ወዲህ የአየር መንገድ ሠራተኞች ምልክቶቹን እንዲለዩ በሰፊው ይሠራል። ጥሩ ነው። ግን ሆስቴሷ ከማየቷ በፊት እኛ አይተናቸዋል።

ሆቴሎችን ብዙ አልነካም፤ ምሳው የእናንተ ነው። ብቻ አንድ ሰው ለብዙ ክፍል ከፍሎ፣ እንግዶቹ በሩን ሳይወጡ ቀናት ሲያልፉ፣ አልጋ አንጣፊዋ ከሁላችሁም በፊት ታውቃለች። የምትነግረው ሰው ይኑራት። ስትነግራችሁም «አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አትበሏት።

ኤቨንት አዘጋጆች ደግሞ ደብዳቤያችሁን ጠብቁ። ኤክስፖ፣ የባህል ቡድን፣ ኮንፈረንስ እየተባለ የማያውቁት ሰው ስም ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ማኅተም አላችሁ፤ ማኅተም ደግሞ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2027 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ሲመጣ የግብዣ ደብዳቤ የሚፈልገው ሁሉ ለአየር ንብረት አስቦ እንዳይመስላችሁ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ሁለት ነገር በቃለ ጉባኤ ይመዝገብልኝ። አንደኛ፣ በሚቀጥለው ሥልጠና ከየቢሮው ካውንተር ላይ የሚሠራ ሰው ይጠራ፣ ሥራ አስኪያጅ አይጠራ። ሁለተኛ፣ አንዱ ቢሮ ተጠራጥሮ የመለሰውን ደላላ ሌላው እንዲያውቅ የጋራ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈት፤ ጥርጣሬው የከበደ ከሆነ ለፖሊስ የሚያሳውቅ ሰውም ይመደብ። «ደንበኛ እናጣለን» ብሎ የሚቃወም ካለ አሁን እጁን ያውጣና በስሙ ይመዝገብ። ከምሳ በፊት ድምፅ እንዲሰጥበት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።