ብልጭታው ከታየ በኋላ የሚቆጠሩ ሰከንዶች

የተከበራችሁ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ሆኜ የማወራችሁ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ስለኖረ አንድ ልማድ ነው። ሰማይ ላይ ብርሃን ሲበልጭ ባየሁ ቁጥር ድምፁ እስኪደርሰኝ ድረስ ሰከንድ እቆጥራለሁ።

ያደግሁት ቢሾፍቱ፣ ያን ጊዜ ሁላችንም ደብረ ዘይት በምንላት ከተማ፣ ከአየር ኃይሉ ግቢ ብዙም ሳይርቅ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሚግ 21 እና ሚግ 23 የሚባሉት ተዋጊ ጄቶች ጎህ ሳይቀድ የሚነሱባቸው ቀናት ነበሩ። ከቤታችን ደጃፍ ሆነን ወደ መንደርደሪያው ስንመለከት ከጄቱ ጭራ ረጅም ብርቱካናማ ነበልባል ይወጣል፤ ነበልባሉ ከታየ በኋላ ግን ለጥቂት ጊዜ ምንም አይሰማም። የጎረቤት ውሻ ሲጮህ እንኳን ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ከዚያ ነው የቆርቆሮ ጣሪያችንን የሚያንቀጠቅጠው ግሣት የሚደርሰው። ያ ነበልባል የአፍተርበርነር እሳት ነው፤ ከሞተሩ በሚወጣው ትኩስ ጋዝ ላይ ተጨማሪ ነዳጅ ተረጭቶ ሲቀጣጠል ግፊቱ ይጨምራል፣ ብርሃኑና ግሣቱም በአንድ ቅጽበት አብረው ይወለዳሉ።

አባቴ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነበር። አንድ ማለዳ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ሰጠኝና «እሳቱን ስታይ ጀምር፤ ጣሪያው ሲንቀጠቀጥ አቁም» አለኝ። ስድስት ሰከንድ ቆጠርሁ። «ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ እንግዲህ አስላው» ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ። ሁለት ኪሎ ሜትር ሆነልኝ፤ ነገር ግን አላመንሁም። በዚያው ሳምንት በብስክሌቴ የፊት ጎማ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬ፣ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር 2.2 ሜትር እንደሚሄድ በክር ለክቼ፣ ከደጃፋችን እስከ አየር ኃይሉ ግቢ አጥር ድረስ ጨርቁ የዞረበትን እየቆጠርሁ ነዳሁ። አንድ ሺህ ዙር ያህል መጣልኝ፤ ይህም 2,200 ሜትር ማለት ነው። መንገዱ ይጠመዘዝ ስለነበረ ትርፉ ከዚያ የመጣ መሆኑን አባቴ በመሬት ላይ ሥሎ አሳየኝ። ሜትር ሳልዘረጋ፣ ከተቀመጥሁበት ሳልነሣ፣ የማልደርስበትን ቦታ ርቀት ያወቅሁት ያን ዕለት ነው፤ ያ ደስታ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ዊልያም ዴርሃም ስለተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ሳነብ ልቤ በጣም ቀረበው። እርሱ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአፕሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ ሆኖ፣ ርቀታቸው ከታወቀ ቦታዎች የሚተኮሰውን ጠመንጃ ብልጭታ በቴሌስኮፕ እየተመለከተ፣ ድምፁ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ በፔንዱለም ይቆጥር ነበር። ርቀቱን ያውቅ ነበርና የድምፅን ፍጥነት አገኘ፤ እኛ ደግሞ ፍጥነቱን ከእንደ እርሱ ያሉ ሰዎች ተቀብለን ርቀቱን እናገኛለን።

ፍጥነቱ ስንት ነው? አየሩ ዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 331 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥርም 0.6 ሜትር ያህል ይጨመርበታል። ደጋ ላይ የምንኖር ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንሳሳትበት ነገር እዚህ ላይ ስላለ ጥቂት ልቆይበት። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ስለሚገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅ በዚያ ቀርፋፋ እንደሚሆን የሚገምቱ ሰዎች አጋጥመውኛል። ስስነቱ በራሱ ፍጥነቱን አይለውጠውም፤ ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊትና እፍጋት አብረው ስለሚቀንሱ አንዱ ሌላውን ያካክሰዋል፣ የሚቀረው ሙቀቱ ብቻ ነው። በ10 ዲግሪ ማለዳ 337 ሜትር የነበረው ፍጥነት በ25 ዲግሪ ቀትር 346 ሜትር ይሆናል። ስድስት ሰከንድ ለቆጠረ ሰው ይህ ልዩነት ሃምሳ ሜትር ያህል ነው። ነፋስም የራሱ ድርሻ አለው፤ በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ውጤቱን በመቶ ሦስት ያህል ሊያዛባው ይችላል። ስለዚህ አባቴ የነገረኝ የሦስት ሰከንዱ ሕግ ለዓይንና ለጆሮ ሥራ በቂ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ትክክለኛውን ብልጭታ መምረጥ ነው። በወጣትነቴ አንድ ጄት ሰማይ ላይ ሲታጠፍ ክንፉ በፀሐይ በራ፤ ከዚያ ጀምሬ ቆጥሬ፣ ግሣቱ ሲደርስ «አሥር ሰከንድ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ከሦስት መቶ» ብዬ ለጓደኞቼ በእርግጠኝነት ተናገርሁ። ስሕተት ነበር። የፀሐይ ነጸብራቅ የራሱ ድምፅ የለውም፤ እኔ የሰማሁት ድምፅ ከዚያ ቅጽበት ጋር ምንም የሚያገናኘው አልነበረም። በክንፍ ጫፍ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው ነጭ መብራትም እንደዚያው ነው። ለመቁጠር የሚበቃው ብርሃንና ድምፅን በአንድነት የሚወልድ ክስተት ብቻ ነው፤ የአፍተርበርነር መቀጣጠል፣ የአየር ፍሰቱ ከተዛባበት ሞተር የሚወጣ ነበልባልና ፍንዳታ፣ ወይም አውሮፕላንን የመታ መብረቅ።

እንዲህ ያለ ብልጭታ ከሌለስ? መንገደኛ ያሳፈረ አውሮፕላን በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ በአናታችን ላይ ሲያልፍ ዓይናችን በትክክል አናታችን ላይ ያየዋል፤ ድምፁ ግን ገና ከኋላ፣ ባዶ ከሆነ ሰማይ ይመጣል። በዚያ ቅጽበት የምንሰማው አውሮፕላኑ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ሳለ፣ ከ50 ሰከንድ በፊት የለቀቀውን ነው። የሚገርመው ነገር፣ በዓይንና በጆሮ አቅጣጫ መካከል ያለው ይህ ማዕዘን የሚነግረን የአውሮፕላኑን ፍጥነት እንጂ ርቀቱን አይደለም፤ ዝቅ ብሎ በዚያው ፍጥነት ቢበርም ማዕዘኑ ያው ነው ለማለት ይቻላል። ርቀቱን የሚነግረን ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ አናታችንን ሲሻገር መቁጠር ጀምረን፣ ድምፁ ራሱ በአናታችን ላይ የሆነ በመሰለን ጊዜ ብናቆም ከፍታውን እናገኛለን። ለ11 ኪሎ ሜትር 35 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ከላይ ያለው አየር በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ ድምፁ ከምድር ይልቅ ዝግ ይላል። ጆሮ አቅጣጫን እንደ ዓይን አይለይምና በሦስት ሰከንድ ብንሳሳት የአንድ ኪሎ ሜትር ስሕተት ይሆናል፤ ቢሆንም ያለ ምንም መሣሪያ ለተገኘ መልስ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያነሣሁበትን ዋና ነገር ልንገራችሁ። በዚህ አቆጣጠር የምናገኘው ርቀት ብልጭታው የታየበት ቦታ ርቀት ነው፤ አውሮፕላኑ ግን ድምፁ እስኪደርሰን አይጠብቅም። ይህ ልዩነት የሰዎችን ምስክርነት እንዴት እንደሚለውጥ በጉልህ የሚያሳየው ቲ ደብሊው ኤ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 800 ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1996 ከኒው ዮርክ ወደ ፓሪስ የተነሣው ቦይንግ 747 ከ12 ደቂቃ በኋላ፣ ፀሐይ ገና መጥለቋ ሳለ፣ ከሎንግ አይላንድ ጠረፍ ወጣ ብሎ በ4,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ፈነዳ፤ በውስጡ የነበሩት 230 ሰዎች በሙሉ አለቁ። መርማሪዎች ከ700 የሚበልጡ የዓይን ምስክሮችን ቃል ሰበሰቡ፤ ከእነርሱም 258ቱ የብርሃን ጅራት ሲጓዝ አይተናል አሉ። ብዙዎች አውሮፕላኑ በሚሳይል ተመታ ብለው ያመኑት ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን እንቁጠር። ስብርባሪው የወደቀው ከኢስት ሞሪችስ የባሕር ዳርቻ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ከፍታውን ጨምረን ብናሰላ የመጀመሪያው ፍንዳታ ድምፅ በዳርቻው ለቆመ ሰው 40 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሰዋል። ድምፁን ሰምቶ ቀና ያለ ሰው የአደጋውን መነሻ አላየም፤ ያየው 40 ሰከንድ ካለፈው ፍንዳታ የተረፈውን ነው። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲ አይ ኤ ተንታኞች ምስክሮቹ ያዩትንና የሰሙትን በድምፁ የጉዞ ጊዜ ሲመረምሩ፣ የታየው ጅራት አስቀድሞ የተጎዳው አውሮፕላን ራሱ ነው ወደሚል መደምደሚያ ደረሱ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት፣ አደጋው የመጣው በመካከለኛው የነዳጅ ታንክ ውስጥ የነበረው የነዳጅ ትነትና አየር ፈንድቶ መሆኑን፣ ምስክሮቹ ያዩት ብርሃንም ከፍንዳታው በኋላ እየነደደ ይበር የነበረው አውሮፕላን መሆኑን ገለጸ። እሳቱን ያስነሣው ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት ሊታወቅ አልቻለም፤ ቦርዱ ይበልጥ የሚሆነው ከታንኩ ውጪ የተፈጠረ የኤሌክትሪክ ሽቦ ንክኪ ነው ብሏል።

እነዚያን ምስክሮች ውሸታሞች የሚላቸውን ሰው አልወድም። ያዩትን አይተዋል፣ የሰሙትንም ሰምተዋል። ዓይናቸውና ጆሮአቸው የተለያየ ጊዜ ይነግሯቸው ነበር፤ የሰው አእምሮ ደግሞ ድምፅ ሲሰማና ነበልባል ሲያይ ሁለቱን ሳይጠይቅ ያያይዛቸዋል። ልጅ ሳለሁ ነበልባሉና ጣሪያችን የተለያዩት በስድስት ሰከንድ ብቻ ነበር፤ 40 ሰከንድ ሲሆን ግን ማንም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ሳይቆጥር ሊለያቸው አይችልም።

ስለዚህ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ብልጭታ ብታዩ እግራችሁን ከቆማችሁበት ሳታነሡ ሰዓት ጀምሩ፤ ስልካችሁ ውስጥ ያለውም ይበቃል። ብርሃኑ የታየው ከየትኛው የመብራት ምሰሶ ወይም ከየትኛው ጣሪያ በላይ እንደነበር ልብ በሉ። ድምፁ ሲደርስ ሰዓቱን አቁሙና ቁጥሩን፣ የቆማችሁበትን ቦታና አቅጣጫውን ከማንም ጋር ሳትነጋገሩ በፊት ጻፉት። ከሌላ ቦታ የቆመ አንድ ሰው እንዲሁ ቢያደርግ የሁለታችሁ ቁጥሮች አውሮፕላኑ በዚያ ቅጽበት የት እንደነበር በካርታ ላይ ለማስቀመጥ ይበቃሉ።