የአሦር ዋንጫ፦ ጭቃ ላይ የቀረ የጣት ምልክት

(ምስል፦ ጥቁር መደብ ላይ አንዲት ትንሽ ዋንጫ በዝግታ ትዞራለች)

ይህችን ዋንጫ ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ቀለሟ ነጣ ብሎ ትንሽ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሆዷ ላይ ዙሪያውን ስርጉዶች ተደርድረዋል፤ ልክ ሕፃን ሲስቅ ጉንጩ ላይ እንደሚታየው። ሸክላ ሠሪው ጭቃው ሳይደርቅ በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ነው ያወጣቸው።

አሦር ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ነነዌ ነው፤ ነቢዩ ዮናስና የሦስት ቀኑ ጾም። ሙዚየም የገባ ሰው ደግሞ ክንፍ ያላቸውን ትልልቅ የድንጋይ በሬዎች አይረሳም። እኔ ግን ከሁሉም ይህችን ዋንጫ እወዳታለሁ።

ተመራማሪዎች “የቤተ መንግሥት ሸክላ” ይሏታል። ዛሬ ኢራቅ ውስጥ፣ ከሞሱል በስተ ደቡብ፣ ናምሩድ የሚባል ቦታ አለ። የአሦር ዋና ከተማ የነበረችው የጥንቷ ካለህ ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ በእንዲህ ዓይነት ዕቃ ይጠጣ ነበር።

(ምስል፦ የተሰበረ ገል፣ ከጎን በቅርበት)

አሁን ስብራቱን ከጎን እዩት። የምርጦቹ ውፍረት ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የእንቁላል ቅርፊት በሉት። እዚህ ለመድረስ ጭቃው በደንብ መጣራት አለበት፤ አንዲት ጠጠር ካመለጠች እዚያው ላይ ይቀደዳል። ከዚያ መንኮራኩር ላይ እየሳሳ፣ እየሳሳ ይወጣል። ስርጉዱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ጭቃው በጣም ከረጠበ ዋንጫዋ ትጣመማለች፤ ከደረቀ ትሰነጠቃለች። ሙያው ያቺን መሃል ያለች ሰዓት ማወቅ ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ከብርና ከነሐስ የተሠሩ ስስ የመጠጫ ዕቃዎች ነበሩ። ሸክላ ሠሪው የእነሱን ቅጥነት በጭቃ አመጣው።

አሦራውያን ድግስ ያውቁበታል። ንጉሥ ዳግማዊ አሹርናሲርፓል ካለህን ሲያስመርቅ ለ69,574 እንግዶች 10 ቀን እንደደገሰ በድንጋይ አስቀርጿል፤ 10,000 ገንቦ ቢራ፣ 10,000 አቁማዳ ወይን።

(ምስል፦ ካርታ፤ መስመር ከናምሩድ ወደ ጋዛ)

ግዛቱ ወደ ምዕራብ ሲሰፋ ዋንጫዋም ተከተለች። ከጋዛ በስተ ደቡብ ቴል ጀማ የሚባል ኮረብታ አለ፤ ከናምሩድ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እንግሊዛዊው የአርኪዮሎጂ ተመራማሪ ፍሊንደርስ ፒትሪ በ1920ዎቹ ሲቆፍረው ይህንኑ ስስ ሸክላ አገኘ። በዚያ አካባቢ ከተገኙት ብዙዎቹ ከናምሩድ የመጡ አይደሉም፤ የተሠሩት ከአገሩ ጭቃ ነው። የአገሩ ሸክላ ሠሪ የገዢዎቹን ዋንጫ አይቶ፣ በራሱ ጭቃ ላይ የራሱን ጣት ጫነ።