ካርዱን ሳይሆን ሲዝኑን እንሸልም

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንግዶቻችን፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከቨርጂኒያም ከሜሪላንድም ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ምሳችንን እያዘጋጁልን ላሉትም እጃቸውን ይባርክልን።

የቤዝቦል ካርድ ጨዋታችን መደበኛው ሲዝን አልቋል። ፕሌይኦፉ፣ ማለትም የዋንጫው ፍልሚያ፣ ከምሳ በኋላ ይጀመራል። በመሃል አንድ ሥራ ይቀረናል፤ የዓመቱን ኮከቦች መምረጥ። የገንዘብ ሪፖርቱንና የቀጣዩን ድራፍት፣ ማለትም ተጫዋቾችን በተራ የምንመርጥበትን ሥርዓት፣ ጉዳይ ጸሐፊያችን ያቀርባሉ። እኔ የምናገረው ስለ ምርጫው ብቻ ነው። ቅሬታ ሳይነሳበት ያለፈ ምርጫ የለንም፤ ቅሬታ ያቀረቡትም ብዙ ጊዜ እውነት ነበራቸው።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ ስላላችሁ ጨዋታውን ባጭሩ ላስረዳ። የምንጫወተው ስትራት-ኦ-ማቲክ የሚባለውን፣ በካርድና በዳይስ የሚካሄድ የቤዝቦል ጨዋታ ነው። የፈጠረው ሃል ሪችማን ነው፤ ገበያ ላይ የዋለው በ1961 ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እያንዳንዱ የሜጀር ሊግ፣ ማለትም የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ፣ ተጫዋች ባሳየው ብቃት ልክ የተሠራ ካርድ አለው። ሦስት ዳይስ ይጣላል። አንደኛው ከ1 እስከ 3 ካሳየ የመቺው ካርድ ይነበባል፤ ከ4 እስከ 6 ካሳየ የፒቸሩ፣ ማለትም የኳስ ወርዋሪው። የሌሎቹ የሁለቱ ድምር ደግሞ የትኛውን መስመር እንደምናነብ ይነግረናል። ድምሩ 7 የሚሆንበት መንገድ ከ36ቱ 6 ነው። 2 የሚሆንበት ግን 1 ብቻ። አንዳንዱ መስመር ላይ ስንደርስ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጨመራል። ለምሳሌ ከ1 እስከ 8 ከወጣ ሆም ረን፣ ማለትም ኳሱ አጥሩን አልፎ ነጥብ የሚገኝበት ምት፤ ከ9 እስከ 20 ከወጣ ደግሞ ኳሱ አየር ላይ ተይዞ አውት፣ መቺው ይወጣል። እዚያች ቅጽበት ላይ ጠረጴዛው ዙሪያ ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል።

እንግዲህ አንድ ሙሉ ሲዝን በዚህ መንገድ ሲጫወቱት ውጤቱ ከካርዱ ሊርቅ ይችላል። መካከለኛ ካርድ ያለው ተጫዋች ዓመቱን ሙሉ ሲቀናው ይውላል። ምርጥ ካርድ ያለው ደግሞ ዳይሱ ፊቱን ያዞርበታል። ክርክራችን የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አንዱ «ዕድል ነው እንጂ ካርዱ ይህን አያህልም» ይላል። ሌላው «እውነተኛው ሰውዬ እኮ ዘንድሮ ኤም ቪ ፒ ነው» ይላል፤ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ማለቱ ነው።

የእኔን አቋም በግልጽ ልናገር። የምንሸልመው እኛ ጠረጴዛ ላይ የሆነውን ነው። የሜጀር ሊጉ ሾሄይ ኦታኒ በ2024 ዓ.ም. 54 ሆም ረን መትቶ 59 ቤዝ ሰርቋል፣ ማለትም ምት ሳይጠብቅ ሮጦ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ደርሷል፤ ኤም ቪ ፒ የሆነውም አንድም ድምፅ ሳይጎድልበት ነው። ይህ ሽልማት ለእሱ በጊዜው ተሰጥቶታል። በእኛ ሊግ ግን እሱን ያሰለፈው ክለብ መዝገብ ላይ ምን እንዳስመዘገበ ነው የምናየው። ስሙን ስናይ እጃችን ቀድሞ እንዳይጽፍ እንጠንቀቅ። ዕድል ቀንቶት ያሸነፈውንም ዕድሉን አንቀማው። ሜዳ ላይም ኳስ ጠጠር ነክታ አቅጣጫ ስትቀይር ሂት፣ ማለትም የተሳካ ምት፣ ተብላ ትመዘገባለች፤ ማንም አይሰርዛትም።

በስም የመምረጥ አደጋ እኛ ጋ ብቻ ያለ አይደለም። በ1999 ከሜጀር ሊግ ሁለት ሊጎች አንዱ በሆነው በአሜሪካን ሊግ፣ ለፈርስት ቤዝ ምርጥ ተከላካይ የሚሰጠው ጎልድ ግላቭ ለራፋኤል ፓልሜሮ ተሰጠ። ጥሩ ተከላካይ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ግን በዚያ ዓመት ፈርስት ቤዝ ላይ የተሰለፈው 28 ጨዋታ ብቻ ነበር። በቀረው ጊዜ ሲመታ እንጂ ጓንት ሲያጠልቅ አልዋለም። የመረጡት ማናጀሮችና አሰልጣኞች ናቸው፤ ጨዋታውን ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች። ከድምፁ በፊት መዝገቡን የገለጠ ሰው ቢበዛ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ስለ መከላከል ካነሳሁ አይቀር፣ እኛ ይህን ሽልማት ለጊዜው እንድናቆመው ሐሳብ አቀርባለሁ። የአንድ ተጫዋች የመከላከል ደረጃ፣ 1 ምርጡ ሆኖ፣ ከ1 እስከ 5 ተብሎ ካርዱ ላይ ታትሞ ነው የሚመጣው። 1 ያለው ተጫዋች ሲዝኑ ሳይጀመርም 1 ነው። እኛ መዝገብ ላይ ወደ እሱ የመጡት ኳሶች ምን እንደሆኑ አንጽፍም፤ አውት የሚለውን ብቻ ነው የምንጽፈው። ስለዚህ የምንሸልመው ካርድ አታሚውን ነው ማለት ነው። ከመጪው ሲዝን ጀምሮ ዳይሱ ወደ ተከላካይ የላከውን ኳስ ሁሉ፣ ማን እንደያዘውና ማን እንዳመለጠው፣ ከጽፍን ያኔ ሽልማቱን በደስታ እመልሳለሁ።

ወደ ፒቸሮች ልምጣ። ለዓመቱ ምርጥ ፒቸር የሚሰጠው፣ ሳይ ያንግ የሚባለው ሽልማት በ1956 ሲጀመር ለሁለቱም ሊግ አንድ ብቻ ነበር፤ ከ1967 ወዲህ ነው ለየሊጉ የሆነው። ለረጅም ጊዜ መራጩ መጀመሪያ የሚያየው ስንት ጨዋታ እንዳሸነፈ ነበር። በ2010 ግን ፊሊክስ ሄርናንዴዝ 13 አሸንፎ 12 ተሸንፎ ወሰደው። ኢ.አር.ኤው፣ ማለትም በሙሉ ጨዋታ ልክ ሲሰላ በአማካይ በእሱ ላይ የተቆጠረው ነጥብ፣ 2.27 ነበር፤ ሲያንስ ነው የሚሻለው። በ2018 ደግሞ ጄኮብ ዲግሮም 10 አሸንፎ 9 ተሸንፎ፣ በ1.70 ኢ.አር.ኤ፣ ከ30 የአንደኛነት ድምፅ 29ኙን አገኘ። ፒቸር ረን፣ ማለትም ነጥብ፣ አይሰጥም ማለት ጓደኞቹ ረን ያስገባሉ ማለት አይደለም። እኛም መሃል ደካማ መቺዎች ያሉት ክለብ ውስጥ ገብቶ ዓመቱን ሙሉ 2 ለ1 ሲሸነፍ የከረመ ፒቸር አለ። እባካችሁ እሱን ፈልጉት። ሜዳውንም እዩ። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ ኳስ እዚያ ርቃ ትሄዳለች፤ ጨዋታችንም ሜዳዎቹን በየደረጃቸው ይቆጥራቸዋል። እዚያ ሜዳ ላይ የወረወረን ሰው ኢ.አር.ኤ ከሌላው ጋር እንዳለ ማስተያየት ግፍ ነው።

የኤም ቪ ፒን ድምፅ በቤዝቦል ጸሐፊዎች ማኅበር ደንብ ነው የምናካሂደው። እነሱ ከ1931 ጀምሮ ሲመርጡ ኖረዋል። እያንዳንዱ መራጭ 10 ስም በቅደም ተከተል ይጽፋል። አንደኛው 14 ነጥብ ያገኛል፣ ሁለተኛው 9፣ ከዚያ 8፣ 7 እያለ አሥረኛው ላይ 1 ይደርሳል። ታች ያሉትን ስሞች ለመሙላት ያህል አትጻፏቸው። በ1947 ጆ ዲማጂዮ ቴድ ዊሊያምስን የበለጠው 202 ለ201፣ በአንድ ነጥብ ነው። በ1999 ደግሞ ፒቸሩ ፔድሮ ማርቲኔዝ 23 አሸንፎ 4 ብቻ ተሸንፎ፣ 313 መቺ በስትራይክ አውት አባሮ፣ ከማንም በላይ 8 የአንደኛነት ድምፅ አገኘ። ሁለት መራጮች ግን ከአሥሩ ስም ውስጥ ጨርሶ አላስገቡትም። ሽልማቱን ኢቫን ሮድሪጌዝ 252 ለ239 ወሰደው። ደንቡ ፒቸርም እንደሚመረጥ በግልጽ ይናገራል። ፒቸርን አልመርጥም የሚል ሰው ካለ ዛሬ፣ አሁን፣ ስሞቹ ሳይጠሩ ይናገርና እንወያይበት። ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ የሚወጣ መመዘኛ ያናድደኛል።

የዓመቱ ማናጀር፣ ማለትም ክለቡን በምርጥ ሁኔታ የመራው አባላችን፣ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሽልማቶቹ ሁሉ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው የሚሰጠው ይህ አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ጓደኝነትም ኩርፊያም ይገባበታል። የቤዝቦል አኃዝ ተንታኙን የቢል ጄምስን ስሌት ተጠቀሙ። ክለቡ ያስገባውን ረን በራሱ አባዙ፤ የገባበትንም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር አካፍሉ። 800 አስገብቶ 700 የገባበት ቡድን ከ162 ጨዋታ 92 ገደማ ማሸነፍ ይጠበቅበታል። ከዚያ በብዙ የበለጠ ካለ፣ በአንድ ረን ያሸነፋቸውን ጨዋታዎች ወረቀት አውጥታችሁ እዩ። ፒቸሩን በሰዓቱ ቀይሮ ነው? ግራኝ መቺውን በቀኝ ፒቸር ላይ አሰልፎ ነው? ወይስ ዳይሱ ነው? ዋንጫ የሚጠብቀው ሰው ላይ ብቻ አትቁሙ። ድራፍት ላይ የመጨረሻውን ተራ ወስዶ፣ ሌላው የናቃቸውን ካርዶች ሰብስቦ መሃል ላይ የጨረሰ ሰው ለእኔ ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

ጀማሪ ኮከብ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ካርዱ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣለት ሁሉ ይወዳደራል።

ሦስት ነገር ጠይቄ ላብቃ። የራሳችሁን ተጫዋች ወረቀቱ ላይ መጻፍ ትችላላችሁ፤ አንደኛ ላይ ግን አታስቀምጡት። ስማችሁን ጻፉበት፤ ማን ለማን እንደሰጠ ከውጤቱ ጋር ይነበባል። ወረቀቱ ደግሞ ከምሳ በፊት ይመለስ። ፕሌይኦፍ ላይ የሚመጣ አንድ ሆም ረን የስድስት ወር ሥራ ያስረሳል፤ ለዚህ ነው የሜጀር ሊግ መራጮችም ከፕሌይኦፍ በፊት ድምፃቸውን የሚያስገቡት።

የሲዝኑ መዝገብ በሙሉ መስኮቱ ጋ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሄዳችሁ ግለጡት፤ ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ልጆቹም ቢያዩት ደስ ይለኛል። ጸሐፊያችን የድምፅ መስጫ ወረቀቱን አሁን ያድላሉ። የዘንድሮው ጉባኤ ተከፍቷል።